አክስቴ የታደሰችበት ሳምንት

ሌሎቹ ዳይሬክተሮች ለመታደስ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው መጡ። አክስቴ ግን የታደሰችው እዚያው ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ ነው። ከቤታችን በር እስከ አዳራሹ በር ያለው መንገድ ጫማ ለማቆሸሽ እንኳ አይበቃም።

ጥሪው ሲመጣ ይህን አላወቀችም። «ለረጅም ጊዜ ላገለገሉ የትምህርት ቤት መሪዎች የአመራር ማጎልበቻና ራስን የማደሻ ሥልጠና» ይላል። ፊቷ በራ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሻንጣ አወረደች፣ አቧራውን አራገፈች፣ ሁለት ቀሚስና ነጠላ ጫማ ከተተች። ሐይቅ ዳር ነው ብላ አስባ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው። ቦታው የእኛው አዳራሽ! ሻንጣውን እንዳለ መልሳ ሰቀለችው።

«ምናለበት፣ ትራንስፖርት ተረፈሽ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ መርፌው በእጅሽ ነው፤ አፍሽን ስፊበት።»

የምንኖረው የዳይሬክተር ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ የእሷ አይደለም፣ የወንበሩ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ይኖርበታል፣ የተነሣ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። የኋላው ክፍል መስኮት በቀጥታ መንገዱን ያያል። እኔ እዚያ መስኮት ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እጠግናለሁ፤ ኪስ እቀይራለሁ፣ የረዘመ አሳጥራለሁ፣ ያጠረ አስረዝማለሁ። ደንበኞቼ ሲደበድቡና ሲደባደቡ የቀደዱትን በመስኮት ያቀብሉኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ እየኖርን የማንማር እኔና ድመቷ ብቻ ነን። እናቴ ስትታመም ከአምስተኛ ክፍል አቋረጥኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ አክስቴ ወስዳ መልሳ አስገብታኝ ነበር፤ ግን ከክፍሉ ልጆች በአንድ ራስ እበልጣለሁ፣ አስተማሪው ራሱ ሲቆጣኝ ቀና ብሎ ነበር። ተውኩት።

አክስቴ ድሮ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች። በጣም ጎበዝ ስለነበረች ዳይሬክተር አደረጓት። ጎበዝ ሾፌር ነህ ተብሎ መናኸሪያ ላይ ትኬት እንዲቆርጥ እንደተቀመጠ ሰው ቁጠሩት። ከዚያ ወዲህ በራችን ይንኳኳል። ጠመኔ አለቀ፣ ቧንቧ ፈነዳ፣ መምህር ከመምህር ተኮራረፈ፣ ወላጅ እያለቀሰ ነው። በእረፍት ቀን ይንኳኳል። ገላዋን እየታጠበች በር ላይ ቆመው ፈቃድ ይጠይቋታል፤ በውሃው መሃል «ሂድ፣ ሁለት ቀን!» ትላለች። አንዳንዴ ማንም ሳያንኳኳ ብድግ ብላ ትከፍታለች።

ሥልጠናው ሲጀመር ዓይኔን ሻይ ማቅረብ ላይ ጣልኩ፤ ትርኢቱን በነጻ ላይ ብዬ ነው። አሥራ አራት ዳይሬክተር በአንድ አዳራሽ! ሁሉም አዛዥ፣ ታዛዥ የለም። ሁሉም ከኋላ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ከኋላ ሆኖ የሚያወራውን ለማየት። አሰልጣኙ ገና ጢሙ የበቀለ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቀን «አሁን ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍንና ሰላም የሚሰማንን ቦታ እናስብ» አለ። አንድም ሰው አልጨፈነም። ሁሉም በአንድ ዓይኑ ያልጨፈነውን ይቆጣጠራል። አንዱ ተሸውዶ ቢጨፍን፣ ጎኑ ያሉት «ተኝተዋል እንዴ?» ብለው ቀሰቀሱት።

ከሁሉ ጎልተው የሚታዩ ሁለት ነበሩ። አንደኛው እኔ «ማይክ» ያልኳቸው ናቸው፤ ድምፅ ማጉያ ቢሰጧቸው ማጉያው ራሱ ጆሮውን ይይዛል። ሌላዋ ባለ ሦስት ብዕሯ፤ ሦስቱንም ፀጉራቸው ውስጥ ሰክተው ይረሱና ብዕር ይለምናሉ።

ማይክ በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን አውጥተው «መጀመሪያ ሥነ ሥርዓት!» አሉ። «ሰዓቱ ሲሞላ በሩ ይቆለፍ። ያረፈደ አይገባም። እኛ ካልተከበርን ማን ሊያከብረን ነው?» ድምፅ ተሰጠ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። አሰልጣኙ «ሥልጠናው እኮ ስለ ነጻነት ነው» ብሎ ሊናገር ሞክሮ ነበር፤ «ዝም በል፣ ድምፅ ተሰጥቷል» አሉት። ቁልፉን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ወደ አክስቴ ዞሩ። የአዳራሹ ባለቤት ናታ። ልትታደስ መጥታ በር ጠባቂ ሆነች።

የመጨረሻው ቀን የተለየ ነበር። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ራሳቸው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ዳይሬክተር ተነሥቶ በቀረው የሥራ ዘመኑ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ፊት ለፊት ይነግራቸዋል። «የእድሳት ቃል» ይሉታል። አሰልጣኙ «የሚቻለውን ኃላፊው ይፈቅዳሉ፣ ተነጋግረናል» ብሏል።

ጠዋት የአክስቴን ቀሚስ ጫፍ እየሰካሁ ተንበርክኬ ነበር።

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አለች ወደ መስተዋቱ።

«ምኑን?»

«ዳይሬክተርነት በቃኝ። ክፍል መልሱኝ፣ ሒሳቤን ላስተምር።»

መርፌውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰካሁት። ሳላስበው ነው፤ ቢያንስ ግማሹን።

«ወይኔ እግሬን!»

«ቤቱስ?» አልኳት። «መስኮቴስ? እዚህ ያሉትን ደንበኞች ሌላ ሰፈር ማን ይሰጠኛል?»

ቁርጭምጭሚቷን እያሸች «ላንቺ ስል ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት አልልሽም» አለች።

«አልሽ እኮ አሁን።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል አይደል? እኔ ሲሾሙኝ ነው የቆጨኝ። አሁን እንኳ ደፍሬ ካልተናገርኩ፣ ጡረታ እስክወጣ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የምቀበረው። ሌላ ጊዜ የሚጠይቀኝ የለም።»

ቀሚሱን ሰክቼ ጨረስኩ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ይህ ለእኔ ሪከርድ ነው። በልቤ ግን አፏን ይያዘው ብያለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። መስኮቴን ስለምወድ ነው።

ሰዓቱ ሲሞላ ሁሉም ገብቷል፤ ኃላፊውና ሊቀበላቸው የወጣው አሰልጣኝ ብቻ ቀርተዋል። እኔ ቴርሞሱን ይዤ እንደገባሁ አክስቴ በሩን ልትቆልፍ ተነሣች። ባለ ሦስት ብዕሯ «ኃላፊው እስኪመጡ አይቆይም?» አሉ።

«ድምፅ ተሰጥቷል!» አሉ ማይክ። «ኃላፊው አርፍደው አያውቁም፤ ቢያረፍዱ እኔ አፍራለሁ።»

ቀጭ። ተቆለፈ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ማይክ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ ምናልባት የሚናገሩትን ሳያውቁት፣ አፋቸው ብቻውን እንደለመደው ተከፍቶ፦

«ያረፈደ ወላጁን ይዞ ይምጣ!»

ከውጭ አንድ የረጋ ድምፅ «ወላጆቼ በሕይወት የሉም» አለ። «የትምህርት ቢሮ ኃላፊው ነኝ።»

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ማየት ነበረባችሁ። ማይክ ከወንበሩ ሥር የሆነ ነገር የጠፋባቸው መስለው ጎንበስ አሉ። አክስቴ ሮጣ ቁልፉን ሰክታ በኃይል አዞረችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እዚህ ጋ ነው፤ ቁልፉ ለሁለት ተሰበረ። እጀታው በእጇ፣ ጥርሱ በሩ ውስጥ።

በሩ ብረት ነው። መስኮቶቹ ፍርግርግ አላቸው፤ ወንበር ተሰርቆ ስለነበር አክስቴ ራሷ ነች ያስገጠመችው። አሁን ወንበሮቹም ውስጥ፣ እኛም ውስጥ። ውጭ ያለው የግቢው ዘበኛ በያጅ ፍለጋ ሄደ።

አሥራ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ማዘዝ ጀመረ። «በማጠፊያው በኩል ግፉ!» «አትግፉ፣ ሳቡ!» «መጀመሪያ ማን ነው ተጠያቂው?» «ተረጋጉ! ተረጋጉ ብያለሁ!» ይህን የሚሉት የሚጮኹት ናቸው። ሙቀቱ እየከበደ ሄደ። አንዷ መተንፈስ አቃተኝ ብለው የአንገታቸውን ቁልፍ ይፈታሉ። እኔም እንደዚህ ታፍኜ አላውቅም፤ ከዚያ አክስቴን አየሁና እሷ እንዳልተደናገጠች ገባኝ። ለምዳዋለች። በየቀኑ እንዲህ ነው የምትኖረው።

ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጠመኔ አንሥታ ጀርባዋን ሰጥታን ጻፈች፣ ዞረች።

«አንድ ሰው ይህን በር በአንድ ሰዓት ይከፍታል። አሥራ አራት ዳይሬክተሮች በስንት ሰዓት ይከፍቱታል?»

ማይክ ልማድ ሆኖባቸው እጃቸውን አወጡ። «አንድን ለአሥራ አራት... ወደ አራት ደቂቃ!»

«ተሳስተዋል» አለች አክስቴ። «አይከፍቱትም። ገና ኮሚቴ እያቋቋሙ ነው።»

ሳቁ! ባለ ሦስት ብዕሯ ሲስቁ አንዱ ብዕር ከፀጉራቸው ወደቀ።

«እሺ የእውነቱን ልስጣችሁ። አንድ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ስድስት፤ ወደ ቤት ሁሉም ይሮጣል። በአማካይ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?»

«አራት ተኩል!» ማይክ ናቸው።

ስህተት ነው አላለቻቸውም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ «እንዴት እንደደረሱበት ይንገሩኝ» አለች። «መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አብረን እንሂድ።»

«እ... ሲሄድ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ሲመለስ አንድ። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለሦስት ሰዓት...» ድምፃቸው ቀነሰ። ማይክ ድምፃቸው ሲቀንስ ያኔ ነው የሰማሁት። «አራት! ኧረ አራት ነው! ቀስ ብሎ ሲሄድ ብዙ ስለቆየ ነዋ!»

«ነዋ» አለች አክስቴ።

ያቺን «ነዋ» ያለችበትን ፊት ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቃት አክስቴ በር ሲንኳኳ የምትነሣዋን ነው። ይህችኛዋ ቁመቷ ሳይቀር የጨመረ መሰለኝ። ሌላ ጥያቄ ጻፈች፤ እነዚያ ሁሉ ዳይሬክተሮች እንደ ልጅ ወረቀታቸውን በክንዳቸው እየከለሉ ይሠሩ ጀመር። በሩ መቆለፉን የረሱት ይመስለኛል። እኔ ግን አልረሳሁም። ከዚህ ወጥታ ወደዚያ ወደሚንኳኳው የቤታችን በር ስትመለስ እያሰብኩ ነበር።

በዚህ መሃል አሰልጣኙ በመስኮቱ ብቅ አለ። «በያጁ መንገድ ላይ ነው። ኃላፊው ግን ሌላ ስብሰባ አለባቸው፤ ቃሉን እዚሁ በመስኮት እንቀበላለን።»

የፕላስቲክ ወንበር አመጡላቸውና ኃላፊው ውጭ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ሸምገል ያሉ፣ ፊታቸው የማይከፋ ሰው ናቸው። ዳይሬክተሮቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ፍርግርጉን እየጨበጡ ይናገራሉ። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ይመስላሉ ኃላፊው፤ ስንቅ ብቻ ነው የጎደላቸው።

«ትምህርት ቤቴን ለሌሎች ተምሳሌት አደርጋለሁ!» ማይክ። ጭብጨባ። ኃላፊው ጆሯቸውን አሹ።

«የመምህራንን ተነሣሽነት ከፍ አደርጋለሁ» ባለ ሦስት ብዕሯ። ጭብጨባ።

አንዱም የሚፈልገውን አልተናገረም። ሁሉም መባል ያለበትን አለ። እንዲህ እያለ አክስቴ ጋ ደረሰ።

ፍርግርጉን አልጨበጠችም። «ዳይሬክተርነቱን አስረክቤ ወደ ክፍል መመለስ እፈልጋለሁ» አለች። «ሒሳብ ላስተምር።»

ኃላፊው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ወደ ሳቅ አደገ። «አያችሁ? አያችሁ ትሕትና? ዝቅ ማለትን የሚያውቅ መሪ ማለት ይህ ነው! እኔ እንዲያውም ሳስብ የቆየሁት አለ። አዲስ የሚከፈተው ትልቁ ትምህርት ቤት፣ ሦስት ፎቅ ነው፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይፈልጋል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማይክ ያፏጩ ሁሉ መሰለኝ። አሰልጣኙ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሥልጠናው ሠራ ብሎ ነው።

አክስቴ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የምታወጣውን ፈገግታ አወጣች። «አመሰግናለሁ» አለች፤ ያሰበችውን ቃል ስትውጠው፣ በጉሮሮዋ ሲወርድ አየሁት። ዞራ ወደ መቀመጫዋ ሄደች።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። መስኮቴ ተረፈ። እንዲያውም የትልቁ ትምህርት ቤት ቤት ትልቅ መስኮት ይኖረዋል፤ ሦስት ፎቅ ሙሉ ደንበኛ! ግን አላልኩም። ሦስት ፎቅ ሙሉ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የታየኝ። እሷም ገላዋን እየታጠበች «ሂድ፣ ሁለት ቀን!» ስትል።

ቴርሞሱን አስቀምጬ ወደ ፍርግርጉ ሄድኩ።

«ጋሼ» አልኳቸው ኃላፊውን፤ «እሷ ትሕትና አታውቅም።»

ጭብጨባው እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ሻይ ነኝ። ማለቴ ሻይ አቅራቢዋ። የእህቷ ልጅ ነኝ፤ አብሬያት ነው የምኖረው። ትሕትና የሚባል ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ያለችዎት የምሯን ነው። ጠዋት ቀሚሷን ስሰካ ነግራኛለች። እርስዎ ደግሞ ጠየቋት፣ ተናገረች፣ አጨበጨቡላት፣ መልስ ግን አልሰጧትም።»

«አንቺ!» አለች አክስቴ ከኋላዬ። ተነሥታለች። እመታለሁ ብዬ ጆሮዬን ሸሸግሁ። አልመታችኝም፤ አልፋኝ ሄዳ አሁን ፍርግርጉን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አፏ ስድ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉላት» አለች። «ግን አልዋሸችም። ትሕትና አይደለም፣ ቀልድም አይደለም። ደክሞኛል። ትልቅም ትንሽም ትምህርት ቤት አልፈልግም። አንድ ክፍልና አንድ ሰሌዳ ነው የምፈልገው።»

ኃላፊው ሳቁን ተዉት። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። «ቤቱስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የዳይሬክተሩ እንደሆነ ያውቃሉ። እርስዎስ እሺ፣ ይህችን ልጅ ይዘው ወዴት ሊሄዱ ነው?»

አክስቴ ሁልጊዜ የምትያዘው እዚህ ጋ ነው። ዞራ አየችኝ። ልመናም አይደለም፣ ቁጣም አይደለም፤ ሒሳብ እየሠራች ነው። የምትደምረውም የምትቀንሰውም ቁጥር እኔ ነኝ።

ወሬ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፤ ያ አዳነኝ። «የስፌት መኪናዬ መሬት ውስጥ አልተተከለም» አልኩ። «ይነሣል።»

ኃላፊው አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ «ይህን ትምህርት ቤት ማን ይወስዳል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ማይክ እንኳ። የራሳቸው ወጥመድ ይበቃቸዋላ!

«ይኸው» አሉ ኃላፊው። «እምቢ አላልኩዎትም። ግን ምትክ እስኪገኝ ድረስ እዚሁ ይቆያሉ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪገኝ።»

መቼም ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አክስቴ ግን እንደ ጠዋቷ አልሆነችም። «እንግዲያው እስኪገኝ ድረስ የሰባተኛ ለ ክፍል ሒሳብ የእኔ ይሁን» አለች።

«የክፍል ድልድል የቢሮ ሥራ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው የሚወስነው።»

«ወስኛለሁ» አለች።

ባለ ሦስት ብዕሯ ብቻቸውን አጨበጨቡ። ሲያጨበጭቡ እያለቀሱ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም።

በያጁ መጥቶ በሩን በብልጭታ ሲቆርጠው ሁላችንም ወደ ጥግ ተሰበሰብን። ሲከፈት ማይክ ቀድመው ወጡ፤ ኃላፊውን ፈርተው በሌላ በኩል ዞሩ። ኃላፊው ለአክስቴ «ማመልከቻውን ያምጡልኝ፣ በራሴ እጅ እይዘዋለሁ» ብለዋት ሄዱ። እውነት ይሁን ሽንገላ ጊዜ ያሳየናል።

ባዶ አዳራሽ ውስጥ እኔና እሷ ቀረን። በሳምንቱ የተረሱ ብርጭቆዎች፣ ባለቀለም ወረቀቶች፣ የተገፉ ወንበሮች።

«መስኮቱ መንገድ የሚያይ ቤት ኪራዩ ውድ ነው» አለች።

«በር ላይ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ።»

«በክረምትስ?»

«በክረምት ዣንጥላ እጠግናለሁ።»

ልትስቅ ፈለገች፤ አልወጣላትም። አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ተማሪ በሚቀመጥበት አቀማመጥ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። «ብፈራስ?» አለች። «ሰባተኛ ለ ገብቼ ብረሳውስ? ስንት ዘመን ሆነኝ እኮ።»

ዛሬ ማይክን ዝም ያሰኘች ሴት ይህን ትጠይቀኛለች! ልሰድባት አስቤ ተውኩት። ሻይ ቀዳሁላት፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣችው።

በሩ ተቆርጦ ተነሥቷል እንጂ ያኔ ቢኖር ይንኳኳ ነበር። ዘበኛው አንገቱን አስገብቶ «ዳይሬክተር፣ ወንበሩን ማን ይሰብስብ?» አለ።

አክስቴ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ዳይሬክተሯ ናታ» አልኩ። «ምትክ እስኪገኝ።»

ከረጅም ትንፋሽ ጋር ተነሣች፤ ሁለት ወንበር አነባብራ አነሣች። እኔም ከኋላዋ ሁለት አነሣሁ።